ጀበሉ ላይ የለኮስነው ደመራ

ሽርሽር የሚባለውን ነገር በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ሄጃለሁ። ያውም ሰባን ከዘለልኩ በኋላ። እኔ ባደግሁበት አገር ሰው ተራራ የሚወጣው ወይ ከብት ጠፍቶበት፣ ወይ ደም ኖሮበት፣ ወይ ታቦት ሊያነግሥ ነው። «ዝም ብዬ ልዝናና ወጣሁ» የሚል ቢገኝ ዘመዶቹ ተሰብስበው ጠበል ይወስዱታል። እኔ ግን ወጣሁ። ትራስ ይዤ ወጣሁ። አዎ፣ ትራስ! ሳቁ እንጂ። የዚህ ታሪክ የሚያስቀው ከፊት ከፊቱ ነውና መሳቅ የሚፈልግ አሁን ይሳቅ፤ ኋላ አላስቅም።

ስሜ ሙላው ነው። ገዳሪፍ እህል ገበያው አጠገብ ያለ የሰሊጥ መጋዘን ጋፊር ነኝ። ጋፊር ሱዳኖች ዘበኛን የሚጠሩበት ነው፤ በኔ ዕድሜ ሲሆን ደግሞ በር ላይ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ማለት ነው። በጎረምሳነቴ ከጭልጋ የመጣሁት አንድ ክረምት ሰሊጥ አርሜ፣ አጭጄ፣ ሚስት ማግቢያ ይዤ ልመለስ ነበር። ያ ክረምት እስካሁን አላለቀም። ሚስት ግን እዚሁ አግብቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ሁለቱም ጥለውኝ ሄዱ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ጥዬኝ እሄድ ነበር። ዐረብኛዬ ይኸው እስከ ዛሬ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቲቱን «አንተ» ይላል። አንድ የፖሊስ ሹም «አንቺ» ብዬ ጠርቼው ቀኑን ሙሉ ግቢ አስጠርጎኛል።

ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። አንዱ እሸቴ ነው። ፋሽጋ በሚሉት የድንበር እርሻ ትራክተር ሲነዳ የኖረ፣ ቀጭን፣ ረዥም ሰው። ጀለብያውን ለብሶ ሻሹን ሲጠመጥም የአገሩ ሰው እንኳ አጥርቶ አይለየውም። ኬላ ላይ ያለ ወታደር፣ ከብድርና ከፀሐይ ብዛት ፊቱ የጠቆረ ነጋዴ፣ ማንም ይሁን እሸቴ ካናገረው ይስቃል። ሌላው ሓጎስ ነው። ሑመራ ሳለ ዲያቆን ነበር፤ በአገር ቤቱ ጦርነት ጊዜ ወንዙን ተሻግሮ መጣና የስደተኞች ካምፕ ገባ። ከካምፑ ያለ ፈቃድ ሹልክ እያለ ይወጣና ገበያው ጥግ ላይ ጫማ ይሰፋል። ሓጎስ ብዙ አይናገርም። ማንን ተሻግሮ እንደ መጣና ማንን ትቶ እንደ መጣ አንድም ቀን አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን።

«አያ ሙላው፣» አለኝ እሸቴ፣ «ይቺ አጨዳ ካለቀች እኔ የለሁም።»

«ወዴት ልትሞት ነው?»

«ወደ አገሬ ልገባ ነው።»

«ያው ነው።»

ሳቀ። ነገሩ ግን የምር ነበር። እሸቴ ከአገሩ ሲወጣ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። እናቲቱ ሞተች፤ ልጅቱ ይታይሽ ትባላለች፣ በዘመድ እጅ አደገች፣ አግብታ ገንዳ ውኃ ሻይ ቤት ከፍታለች። ለአጨዳ የሚመላለሱትን ልጆች ሁሉ «እሸቴ የሚባል ትራክተር ነጂ ታውቃላችሁ?» እያለች ስትጠይቅ ኖራ በመጨረሻ አንዱ ስልክ ቁጥሩን አመጣላት። ይኸውላችሁ፣ ልጁን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ሰው በየቀኑ ከልጁ ጋር በስልክ ይጨቃጨቃል። «አባዬ በልተሃል?» ትለዋለች። «እናንተ ሰዎች፣ ይህቺ ልጅ ዶሮ አደረገችኝ፤ በላህ ወይ፣ በላህ ወይ!» ይለናል፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ እያበራ። በኅዳር ሚካኤል መተማ ድረስ መጥታ ልትቀበለው ተቀጣጥረዋል።

«ሳልሄድ ታዲያ አንድ ነገር እናድርግ፣» አለ። «ሦስታችን ሆነን ሥራ ሳንሠራ ውለን አናውቅም። የዘንድሮ መስቀል ቅዳሜ ነው የሚውለው። ጁምዓ ሁሉም ዝግ ነው። ከዶካ ከተማ ወዲያ ያለውን ተራራ፣ ጀበሉን፣ ታውቀው የለ? አናቱ ላይ ዝናብ የሞላው የድንጋይ ገንዳ አለ አሉ። ዕድሜዬን ከሥሩ ሳርስ ኖርኩ፣ አንድ ቀን ወጥቼበት አላውቅም።»

«ወጥተን ምን እናደርጋለን?»

«ምንም።»

«ምንም ላለማድረግማ እዚሁ በሩ ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ደሞዝም ይከፈለኛል።»

«አያ፣» አለ ሓጎስ፣ ሳንጠብቀው። «እንሂድ።»

ሓጎስ እንሂድ ካለ በቃ።

ሱዳኖች ደረት የሚሉት ወቅት ነው። ዝናቡ ሊያበቃ፣ ጭቃው ደርቆ ሊሰነጠቅ፣ ሰሊጡ ቅጠሉን ማራገፍ ጀምሮ አጫጁ ማጭዱን ሊሞርድ ነው። አረሙ አልቋል፣ አጨዳው አልደረሰም፤ በዓመት ውስጥ የጉልበት ሠራተኛ አንገቱን ቀና የሚያደርግባት ያቺ ጠባብ ጊዜ ነች። ዓርብ ጠዋት ወደ ገላባት በሚሄድ ሎሪ ላይ ተጫንን። ከመንገዱ የእሸቴ ወዳጅ በትራክተር ተሳቢ ተቀበለንና ከጀበሉ ሥር አራገፈን፤ እሑድ ጠዋት ሊወስደን ቃል ገብቶ ተመለሰ። የያዝነው ኪስራ የሚሉት ስስ እንጀራ፣ ፉል፣ ሽንኩርት፣ ሻይና ስኳር፣ ለመስቀል የምትታረድ አንዲት ነጭ ዶሮ፣ ሁለት ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ እና ትራሴ ነው።

«ትራሱ ለማን ነው?» አለ እሸቴ፣ ዶሮዋን በእግሯ አንጠልጥሎ።

«ለአንገቴ።»

«ዶሮዋ ትተኛበት፣ እሷ ነገ ነው የምትሞተው።»

ስንወጣ ጉልበቴ ሳር እንደሚግጥ ከብት እየቆመ እየሄደ አዋረደኝ። እሸቴ ከኋላ ይገፋኛል፣ ሓጎስ ከፊት ይጎትተኛል፤ መሃል ላይ ሆኜ ምክር እሰጣለሁ። አናቱ ላይ ስንደርስ ግን ምክሬን ተውኩት። ገንዳው እውነት ነበር። ጥቁር ድንጋይ መሃል የተጠራቀመ ጥርት ያለ ውኃ፣ ዳሩ ላይ አንድ ትልቅ ሁመር ዛፍ። ከሥራችን የፋሽጋ ማሽላና ሰሊጥ አረንጓዴና ቢጫ እየሆነ እስከ ዓይን ማለቂያ ተዘርግቷል። በምሥራቅ በኩል የአገራችን ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ መሬት ላይ ጎንበስ ብለን ስናርምና ስናጭድ ኖረን፣ ምን እንደሚመስል ያየነው የዚያን ቀን ነው።

ገንዳው ውስጥ ገባን። ሦስት ሽማግሌ፣ እንደ ተፈጠርን። የኔን ሰውነት ልገልጽላችሁ አልችልም፤ አዝኜላችሁ ነው። ሓጎስ ጀርባው ላይ ረዥም ጠባሳ አለው፤ አየነው፣ ዞር አልን። እሸቴ ጆሮው ድረስ ጠልቆ ብቅ እያለ «አያ፣ ሰው ለካ ማረፍ ይችላል!» ይላል። ፉላችንን በላን። ዓርብ ነውና ዶሮዋ አንድ ቀን አተረፈች። ከሰዓቱን በጥላው ሥር ጋደም ብለን ምንም አላደረግንም፤ እንደ ተባለው። አልዋሽም፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ያለ ቀን አልሰጠኝም።

አመሻሹ ላይ ሓጎስ እንጨት መልቀም ጀመረ።

«ነገ መስቀል ነው፣» አለ። «ካምፕ ከገባሁ ወዲህ ደመራ በእጄ አልደመርኩም። እዚህ እንደምር።»

ማን እምቢ ይላል? ደረቁንም እርጥቡንም አከማቸን። አብዛኛው ዝናብ የጠጣ እርጥብ ነበር። ምሰሶውን አቆምን፣ ዙሪያውን ደገፍን። ሓጎስ ግን ራቅ ብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«አደይ የለም፣» አለ።

እውነቱን ነው። በዚያ ቆላ አደይ አበባ ከየት ይመጣል? ያለ አደይ ደግሞ ምኑ ደመራ ነው፣ የእንጨት ክምር ነው። ከዚያ ሓጎስ ከሁለቱ ጀሪካኖች የሚያፈሰውን አነሣ፣ የጫማ ቢላውን አወጣና ቁጭ አለ። ቢጫውን ፕላስቲክ እየሰነጠቀ፣ እያጠፈ፣ እየቆረጠ አበባ አደረገው። እንዴት ያለ አበባ መሰላችሁ! ቅጠሉ ይቆጠራል። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ሠራና በሽቦ እያሰረ ከምሰሶው አናት እስከ ወገቡ አለበሰው።

«ከአደይ ይበልጣል፣» አለ እሸቴ። «ይኸኛው አይጠወልግም።»

ሦስታችን ራቅ ብለን ቆመን አየነው። የዘይት ጀሪካን ነው፤ ዓይናችን ግን እንባ አቀረረ። ሞኝነቱን አትጠይቁኝ። በዚያ አገር ሁለት ዓመት ከዘለቀ ጦርነት በኋላ፣ በሰማይ የሚበር ነገር መጥቶ ሰው የሚፈጅበት፣ ድንበሩ ላይ ሁሉም ሁሉን የሚጠረጥርበት መሬት ላይ መሆናችንን ከሦስታችን አንዱም አላሰበም። መስቀል ነው፤ ሰው በመስቀል ደመራ ያበራል፤ ይኸው ነበር ሐሳባችን።

በኛ አገር ልማድ ጎህ ሲቀድ ነው የሚለኮሰው። ቅዳሜ ንጋት ላይ እሸቴ ለኮሰ። ሓጎስ የጥንቱን የዲያቆን ድምፁን አወጣና የመስቀሉን መዝሙር ጀመረ፤ እኔ እንደ ተሰነጠቀ ከበሮ ተከተልኩት። እርጥቡ እንጨት ቶሎ አልያዘም፣ አጨሰ። ኋላ እሳቱ አበቦቹ ላይ ሲደርስ ጭሱ ጥቁር ሆነ። ነፋስ አልነበረም። ጥቁሩ ጭስ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ።

«ገዳሪፍ ድረስ ይታያል!» አለ እሸቴ፣ በኩራት።

ምሰሶው ተንገዳግዶ ወደ ምሥራቅ ወደቀ። እሸቴ እንደ ሕፃን ዘለለ። «ወደ መተማ ነው የወደቀው! አያችሁ? መንገዴን ጠረገልኝ!» አቀፈን። ጀለብያው ጭስ ጭስ ይሸታል። ሓጎስ ዓመዱን በጣቱ ነክቶ ግንባራችንን በመስቀል ምልክት ቀባን። ሻይ ልንጥድ እሳቱን ስናቀራርብ የመኪና ድምፅ ሰማን።

ከእርሻው መሃል ባለው የትራክተር መንገድ አንድ ፒክአፕ አቧራ እያስነሣ መጥቶ ከጀበሉ ሥር ቆመ። የታጠቁ ሰዎች ወረዱ። ልብሳቸው ግማሹ የወታደር፣ ግማሹ የሠርግ ነው። የማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዱ እጁን ወደ አፉ አድርጎ ጮኸ፤ «ላይ ያለው ማነው? ኢንዚል!» ውረድ ማለት ነው።

ከትልቁ ድንጋይ ኋላ ተሰበሰብን።

«እኔ ልውረድ፣» አልኩ።

«አንተ?» አለ እሸቴ። «ወርደህ አለቃቸውን ‹አንቺ› ልትለው ነው? ሦስታችንንም ታስጨርሰናለህ።»

ሓጎስ ተነሣ። «አበባውን የሠራሁ እኔ ነኝ። እኔ ልሂድ።»

«ከካምፕ ለመውጣትህ ወረቀት አለህ?» አለው እሸቴ።

ሓጎስ ባዶ ኪሱን ዳበሰ።

«በሉ ቁጭ በሉ፣» አለ እሸቴ፣ ሻሹን እየጠመጠመ። «ይህን መሬት ያረስኩት እኔ ነኝ። ከነዚህ ውስጥ ትራክተሬ ላይ ተንጠልጥሎ ያደገ አይጠፋም። ሻዩን ጣዱ። ዶሮዋን ያለ እኔ ብትነኳት ግን አልምራችሁም። አያ፣ አንተ ደግሞ ስኳሩ አጠገብ አትድረስ፣ አደራ።» ስልኩንና ይዟት የወጣትን ትንሽ ሻንጣ ትቶ ወረደ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ዞረና በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ከድንጋዩ ኋላ ሁኑ። ጭንቅላታችሁን እንዳታወጡ፣» አለ። ይህን ሲል አልሳቀም።

በድንጋዩ ስንጥቅ አየነው። እጁን ዘርግቶ እያፏጨ ደረሰ። ሰላምታ ሰጠ፤ አንዱ መለሰለት፣ ሌሎቹ አልመለሱለትም። አለቃው ጭሱን በጠመንጃው አፈ ሙዝ እያመለከተ ይጠይቃል። እሸቴ ያስረዳል። ድምፁ አይደርሰንም፤ እጁን ግን አየን። ቀኝ እጁን ከመሬት አንሥቶ ወደ ላይ አወጣው፣ ከዚያ ጎንበስ አድርጎ ወደ ታች መለሰው፣ ከዚያ ሁለት ጣቱን አመሳቀለ።

«ንግሥት እሌኒን እየነገራቸው ነው፣» አለ ሓጎስ በሹክሹክታ። ጭሱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መስቀሉ የተቀበረበትን እንዴት እንዳሳየ። እስቲ አስቡት። ሰማዩን እያዩ የሚፈሩ ሰዎች ፊት፣ ጥቁር ጭስ እየወጣ፣ ጭሱ ቦታ ያመለክታል ብሎ ማስረዳት!

ግን አንዱ ሳቀ። በዓይናችን አየን፤ ወጣት ነው፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። እኔ የሓጎስን ክንድ ጨበጥኩ። አለቀ፣ አሳቃቸው፣ እሸቴ ነው እኮ! አልኩ በልቤ። አለቃው የመኪናውን የኋላ በር በገዛ እጁ ከፈተለት፣ ለእንግዳ እንደሚከፈት። እሸቴ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ጀለብያውን ሰብስቦ ገባ። ፒክአፑ ዞረና በመጣበት ሄደ። አቧራው ማሽላው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

ጠበቅን። ሻዩ ፈላ፣ ከሰል ሆነ። ዶሮዋ ከትራሴ አጠገብ እየተወራጨች ትጮሃለች። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፣ አለፈች።

«ይጠይቁትና ይመልሱታል፣» አልኩ። «ምናልባት ሻይ ጋብዘውት ይሆናል። እሱ ደግሞ ወሬ ከጀመረ—»

«ወደ ላይ አላየም፣» አለ ሓጎስ።

«ምን?»

«አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየንም። ሰው ጓደኞቹ እላይ ሆነው አንድ ጊዜ ቀና አይልም? መኪናው ውስጥ ሲገባ እንኳ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስት ነን ብሏቸው ቢሆን ማንም ይወጣ ነበር። ማንም አልወጣም። ብቻዬን ነኝ ብሏቸዋል። ብቻዬን ነኝ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ላይ አያይም።

የትራክተሩን ሰው አልጠበቅንም። ሓጎስ የዶሮዋን እግር ፈትቶ ለቀቃት፤ «እሱ ካልመጣ ማን ይበላታል፣» ብሎ። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ትራሴን እዚያው ትቼዋለሁ። መንገዱ ላይ አንድ ሎሪ አነሣን። ዶካ ጠየቅን፤ «ማፊ» አሉን፣ የለም። ገዳሪፍ ደርሰን ሓጎስን ወደ ካምፑ መለስኩት፤ እሱም ከተያዘ የሚጠይቅለት አይኖርምና። ሲለየኝ እጆቹን እያየ፣ «አያ፣ ጭስ የተቀበረውን ያወጣል እያልኩ ስንት ዓመት በቤተ ክርስቲያን አንብቤያለሁ። ወይለይ! የኛ ቆሞ የሚሄደውን ቀበረ፣» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልመጣም። ጫማ ሊያሰፉ የሚመጡ ሰዎች የተቀመጠበትን ጥግ አይተው ይመለሳሉ።

እኔ መጠየቅ ጀመርኩ። የማልደርስበት በር አልነበረም፤ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወህኒ ቤት፣ ዙሪያው ሽቦ የታጠረ ምኑም የማይታወቅ ግቢ። አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል። ሲደክማቸው «ቡክራ» ይሉኛል፣ ነገ ተመለስ። ነገም ነገ አለው። በተሰባበረ ዐረብኛዬ ስለ ጭሱ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ስም አወጡልኝ፣ «አቡ ዱኻን»፣ የጭስ አባት። ድሮ ቢሆን በዚህ ስም አንድ ዓመት ሙሉ ሻይ እጠጣበት ነበር። «አቡ ዱኻን መጣ!» ሲሉ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በር ላይ ካልሳቅህ በሩ አይከፈትም። ሳቄም ግን አልከፈተውም።

በዚህ መሃል የእሸቴ ስልክ ይጮሃል። ይታይሽ ነች። መጀመሪያ አላነሣሁም። ሁለተኛም አላነሣሁም። በመጨረሻ አነሣሁ።

«አባዬ? ለምን አታነሣም? በልተሃል?»

«እኔ ሙላው ነኝ ልጄ፣ ጓደኛው። እሱ... እርሻ ላይ ነው። ኔትወርክ የለም እዚያ።»

«አባባ ሙላው! ትራስ ይዞ የሚዞረው ነህ?» ብላ ሳቀች። ለካ ዓርብ ዕለት ጀበሉ ሥር ሆኖ ደውሎላት ነበር። «እንግዲያ በኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ በልልኝ። መተማ ድልድዩ ጋ እጠብቀዋለሁ።»

እስከዚያ በደወለች ቁጥር ያንኑ «ኔትወርክ የለም» አልኳት፤ ይህን በስልክ እንዴት እነግራታለሁ? እሸቴ ሊያልፍ በተቀጠረበት ቀን፣ እሸቴ ሊያልፍበት በነበረው ድልድይ፣ ሻንጣውን ይዤ እኔ ሄድኩ። ገላባት ላይ አጨዳ የጨረሱ ልጆች ተሰልፈዋል፤ በነሱ መሃል ሆኜ ተሻገርኩ። በጎረምሳነቴ ከወጣሁ አገሬን ስረግጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አስቤው ነበር! መሬት ስሜ፣ አልቅሼ፣ ምን ምን ሳደርግ። ምንም አላደረግሁም። ዓይኔ ሴት ሲፈልግ ነበር።

እሷ ቀድማ አየችኝ። ረዥም ነች፣ እንደ አባቷ። ብቻውን የሚመጣ ሽማግሌ፣ ሻንጣ የያዘ፣ በተባለው ሰዓት፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ሮጠች። ድልድዩ ዳር፣ ጫማ በሚጠርጉ ልጆችና በሎሪ መሃል፣ እግሬ ላይ ወደቀች። ጉልበቴን ስማ፣ ጉልበቴን አቅፋ፣ «አባዬ፣ አባዬ፣ አባዬ» አለች። ከኋላዋ ባሏ ነጠላውን አጣፍቶ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አንዲት ትንሽ ልጅ የነጠላውን ጫፍ ይዛለች። ሰዎች ቆመው ያያሉ፤ አንዷ ሴት እልል አለች።

ወዳጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለቀልድ መልስ አጥቼ አላውቅም። ሹም ሲሰድበኝ፣ ሚስት ጥላኝ ስትወጣ፣ ረኃብም ሲሆን፣ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ነው የማልፈው። እዚያ ግን፣ ጭንቅላቷ ጉልበቴ ላይ ነው። ሞቃት ነው። እጄ ሳላዝዘው ሄዶ ፀጉሯ ላይ ዐረፈ።  ልጅ ኖሮኝ አያውቅም፤ ለጥቂት ጊዜ የእሸቴን ቦታ ያዝኩ። ከዚያ፣

«እኔ አይደለሁም ልጄ፣» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ ከኋላዬ ድልድዩን አየች። ሰው እየተሻገረ ነው። አንድ በአንድ አየቻቸው።

ሁሉን ነገርኳት። የዘይት ጀሪካኑን፣ ጭሱን፣ በእጁ ሲያስረዳ እንዴት እንደነበር፣ ቀና ብሎ አለማየቱን። ቤቷ ወስዳ አሳደረችኝ፤ ለአባቷ ያረደችውን በግ አበላችኝ። በማግስቱ ወደ ገዳሪፍ ተመለስኩ። አገርህ ገብተህ ለምን ተመለስክ ትሉኛላችሁ። ሰውየው ቢለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው መጋዘኑ በር ላይ ነው። በሩ ላይ ሰው መኖር አለበት።

ይኸው ዓመቱ እየተገባደደ ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተሸጦ፣ እንደገና ተዘርቷል። በሮቹ ላይ ያሉት ሰዎች ተቀያይረዋል፤ አዲሶቹ እሸቴ የሚባል ስም ሰምተው አያውቁም። ይታይሽ አሁንም ትደውላለች። ድሮ «ወሬ አለ?» ትለኝ ነበር። ባለፈው ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ቄሱን ፍትሐት አድርጉልኝ አልኳቸው። ‹ሞቷል ወይ?› አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ‹እንግዲያ ለቆመ ሰው ፍትሐት የለም› አሉ። ማቅ አልለብስ፣ ተዝካሩን አላወጣ፣ ጎረቤት አያስተዛዝነኝ። ሰው በላ ጠጣ ብዬ በሐሳብ ማደር ሰለቸኝ።» ቀጠለችና፣ «በመጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ። ሽማግሌ ነህ፣ ቃልህን ያምኑሃል። መጥተህ መርዶውን አርዳኝ። ‹አርፏል› በለኝና ላልቅስበት፣» አለችኝ።

ሰዎች፣ ውሸት ለኔ እንግዳ አይደለም። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ስል ስንት ሰው ገድያለሁ፣ ስንት ሰው አስነሥቻለሁ በወሬ። ይህቺን አንዲት ቃል ግን ምላሴ አልሸከም አለ። ይኖራል ብዬ አይደለም። ደግሜ ልናገር፣ ይኖራል ብዬ አላምንም። በዚያ ፒክአፕ የሄደ ሰው ተመልሶ አላየሁም። ግን እሱ ብቻዬን ነኝ ብሎ ለኔ ሲል ዋሸ፤ እኔ ደግሞ ሞተ ብዬ ልዋሽበት ነው? ዕድሜ ብልሃት ይሰጣል የሚሏችሁን አትስሙ። ለኔ የሰጠኝ የሚያመኝን ጉልበትና ይህን ጥያቄ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱልኝ፤ ቶሎ የመለሱልኝ ሁሉ ቤታቸው አባታቸው አለ።

መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነው፤ ታውቃላችሁ። ሰው ሳይወጣ፣ እሳት ሳይነድ፣ በር ሳይከፈት። ስለዚህ በየጠዋቱ እነሣለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ፣ ጋቢዬን እደርባለሁ፣ ጫማዬን አጥልቄ ክሩን አስራለሁ። የመተማው ሎሪ ጥሩምባውን ሲነፋ እሰማለሁ፣ ሲሄድም እሰማለሁ። እኔ ጫማዬን እንዳሰርኩ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ።